የሲሚንቶ ስብከት

ተነጋጋሪዎቹ አጎትና የእህታቸው ልጅ ናቸው። አጎትየው ዕድሜያቸውን በግንባታ ፎርማንነት አሳልፈው ጡረታ የወጡ፣ ቅዳሴ የማያስታጉሉ ሰው ናቸው። ልጅቷ እናቷን ለሕክምና ባንኮክ አድርሳ፣ በመሀል ወደ ሰሜን ወጣ ብላ የሃይማኖት ሐውልቶች የቆሙባቸውን ሁለት የአትክልት ስፍራዎች አይታ ተመልሳለች።

አጎት፦ እናትሽን ሐኪም ቤት ጥለሽ ጣዖት ስትጎበኚ ከረምሽ አሉ!

ልጅ፦ ኧረ ጋሼ፣ ማን ነው እንዲህ ያለዎት? የምርመራው ውጤት እስኪደርስ እማዬ ከሐበሾቹ ጋር ቡና እያፈላች ስትጫወት ነበር። «እኔን አትጠብቂ፣ አገሩን እይ» ያለችኝ ራሷ ናት። ባንኮክ ለሕክምና የሚመላለሰው የእኛ ሰው ብዙ ነው፤ ከሆስፒታሉና ከገበያው አልፎ የሚያይ ግን አላጋጠመኝም።

አጎት፦ እሺ፣ የት ሄድሽ?

ልጅ፦ በሌሊት ባቡር ተሳፍሬ ጠዋት ኖንግ ካይ ገባሁ። ከባንኮክ 620 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የታይላንድ ጫፍ ነው። ከተማዋ ሜኮንግ ወንዝ ዳር ነው የተቀመጠችው፤ ወንዙን ከተሻገሩ ላኦስ ነው። ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ብሎ ሳላ ኬውኩ የሚባል ቦታ አለ። ማዶ ላኦስ ውስጥ ደግሞ፣ ከቪየንቲያን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ እዚያው ወንዝ ዳር ሲየንግ ኩዋን አለ። የውጭ አገር ሰው «የቡድሃ መናፈሻ» ይለዋል። የሚገርመው ሁለቱንም የሠራው አንድ ሰው መሆኑ ነው። እስቲ ፎቶውን ይዩልኝ።

አጎት፦ መነጽሬን አቀብይኝ... ኸረ! ይሄ የስንት ዘመን ነው? ድንጋዩ እንዴት ጠቁሯል! ከአክሱም ዘመን ነው ብትዪኝ አምንሻለሁ።

ልጅ፦ ይገምቱ እንጂ።

አጎት፦ ቆይ፣ ይሄን ክንዱን አቅርቢልኝ። እዚህ ጋ ስንጥቁ በቁመት ነው የሄደው፤ ከሥሩም የዝገት ውሃ ወርዶበታል። ድንጋይ እንዲህ አይሰነጠቅም። ይሄ ውስጡ ፌሮ አለበት! አርማታ ነው ልጄ። ከእኔ ዕድሜ አይርቅም።

ልጅ፦ ብዙ ሰው ግን ይሸወዳል። አጠገቤ የነበሩ ጎብኚዎች «የጥንት ፍርስራሽ ነው» እያሉ ነበር የሚያወሩት። የላኦሱ የተጀመረው በፈረንጆቹ 1958 ነው።

አጎት፦ በእኛ 1950 ወይ 51 መሆኑ ነው። የሚሸወዱትስ አይፈረድባቸውም። ወንዝ ዳር፣ ሙቀትና ዝናብ ባለበት አገር ሲሚንቶ ቶሎ ነው የሚያረጀው። ሽበት ያበቅላል፣ ይጠቁራል። ችግሩ ግን ከላይ የሚታየው ጥቁረት አይደለም። ፌሮውን የሸፈነው ልስን ስስ ከሆነ እርጥበቱ ሰርጎ ይገባና ብረቱ ይዝጋል። የዛገ ብረት ደግሞ ያብጣል፤ ሲያብጥ ሲሚንቶውን ከውስጥ ገፍቶ ይፈነቅለዋል። አየሽ ይሄን ጣት? እንደዚያ ሆኖ ነው የተቆረጠው። በእኔ ሳይት ቢሆን አስፈርሼ አሠራው ነበር።

ልጅ፦ መሐንዲስ የለ፣ ባለሙያ የለ፤ ማንን ሊያስፈርሱ ነው? የሠሩት እኮ የሰውየው ተከታዮች ናቸው፤ አብዛኞቹ ሙያውን የማያውቁ። ሲሚንቶውም በምጽዋት የመጣ ነው።

አጎት፦ ሰውየው ማን ነው?

ልጅ፦ ቡንለዋ ሱሊላት ይባላል። ተከታዮቹ በአክብሮት «ሉአንግ ፑ» ይሉታል። ትውልዱ በዚያው በኖንግ ካይ በኩል ነው፣ በ1932። ልጅ ሳለ ዋሻ ውስጥ ወድቆ ኬውኩ የሚባል ባሕታዊ አገኘ፣ ትምህርቱንም ከእሱ ተቀበለ ብለው ይተርካሉ። የታይላንዱን ቦታ በመምህሩ ስም የሰየመውም ለዚህ ነው። የቡድሃንና የሂንዱን እምነት አንድ ላይ አዋህዶ የራሱን ትምህርት አወጣ። ከዚያ ላኦስ ተሻግሮ ሐውልቱን መሥራት ጀመረ። በ1975 ላኦስ ውስጥ ኮሚኒስቶቹ ሥልጣን ሲይዙ ዘውዱ ቀረ፤ እሱም ወንዙን ተሻግሮ ወደ ታይላንድ ተመለሰ።

አጎት፦ እኛ ጋ ጃንሆይ ከወረዱ ዓመት አለፍ ብሎ መሆኑ ነው። አይ ያ ዘመን! የስንቱን ሥራ መሀል ላይ አስጥሏል።

ልጅ፦ ይሄኛው ግን አልተወም። በ1978 ኖንግ ካይ ላይ ከዜሮ ጀመረ። የላኦሶቹ ከ200 በላይ ሐውልቶች እዚያው ቀሩ፤ እሱ ማዶ ሆኖ ከእነሱ የሚበልጡ ማቆም ቀጠለ። ይሄ የታይላንዱ ነው፤ ቁመቱ 25 ሜትር ነው።

አጎት፦ 25 ሜትር? ስምንት ፎቅ ማለት እኮ ነው! ያለ መሐንዲስ? ቱንቢና ውሃ ልክ እንኳ የነበራቸው አይመስለኝም። ደግሞስ ይሄ ከላይ የተዘረጋው ምንድን ነው? አንድ፣ ሁለት... ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ ነው?

ልጅ፦ አዎ።

አጎት፦ በስመ አብ! ሰባት ራስ ያለው ዘንዶ እኮ በዮሐንስ ራእይ ውስጥ ያለው ነው፤ ሴቲቱን የሚያሳድደው። እነዚህ ሰዎች ለዘንዶ ነው እንዴ የሚሰግዱት?

ልጅ፦ እኔም መጀመሪያ ሳየው ደንግጬ ነበር። እኛ ዘንዶ የምናውቀው ከጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ነው። ግን ከሥር የተቀመጠውን ይዩት። ቡድሃ ነው፤ ዓይኑን ጨፍኖ በተመስጦ ላይ። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ቡድሃ ብርሃኑን ካገኘ በኋላ በተመስጦ ተቀምጦ ሳለ ከባድ ዝናብና ማዕበል መጣ። ያኔ ሙቻሊንዳ የሚባለው የዘንዶዎች ንጉሥ ከመሬት ወጥቶ ገላውን ከሥሩ አነጠፈለት፣ ራሶቹንም እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ዝናቡን ከለለለት። በእነሱ አገር ዘንዶ ጠባቂ ነው፤ የውሃና የዝናብ ባለቤት ነው። ሜኮንግ ዳር የሚኖር ገበሬ ዘንዶን ቢወድ አይገርምም።

አጎት፦ እኔ አልወድም። ግን ገባኝ። ሥዕሉን የሚያነብ ሰው ፊደሉን ካላወቀ ገልብጦ ነው የሚያነበው ማለት ነው። ቢሆንም አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ ትምህርቱ እውነት ከሆነ ስምንት ፎቅ ማከሉ ለምን አስፈለገ? እውነት የያዘ ሰው ዝቅ ብሎ ነው የሚናገረው። እንዲህ የገዘፈ ነገር ሳይ ሰውየው በትምህርቱ አልተማመነም ወይም ራሱን ወዷል እላለሁ።

ልጅ፦ ራሱን መውደዱ ይኖራል፣ አልክድም። ሰፈሩ እንደ እብድ ያየው ነበር ይባላል። ግን ይሄን ይዩ። ዝሆን ነው፤ ረጋ ብሎ ይራመዳል። ዙሪያውን የከበቡት ውሾች ናቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ይጮኹበታል። ዝሆኑ ዞሮም አያያቸው።

አጎት፦ ግመሉም ይሄዳል፣ ውሻውም ይጮኻል!

ልጅ፦ እኔም ቀድሞ የመጣልኝ እሱ ነው። ሐሜተኛን አትስማ ማለቱ ነው።

አጎት፦ ይሄን ወደድኩት። ለሰፈሩ የሰጠው መልስ ይሆናላ! እኛ በአንድ ተረት የምንጨርሰውን እሱ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ ፈጅቶበታል።

ልጅ፦ እውነቱን ልንገርዎት፣ ከግዙፎቹ ይልቅ ልቤን የነካው አንድ ዝቅ ያለ ነገር ነው። «የሕይወት መንኮራኩር» ይሉታል፤ ክብ አጥር ያለው ነው። የሚገባው በትልቅ አፍ ነው፤ እውነተኛ አፍ የሚመስል ከሲሚንቶ የተሠራ። እንደገቡ ሕፃን ያገኛሉ። በክቡ ዙሪያ የሰው ልጅ ዕድሜ ተደርድሯል፤ ጎልማሳው አለ፣ ለማኙ አለ፣ አዛውንቱ አሉ፣ የሬሳ ሣጥኑ አለ። ከዚያ ተመልሰው ሕፃኑ ላይ ነው የሚደርሱት። እነሱ ሰው ሞቶ እንደገና ይወለዳል፣ ይሄ መዞር ራሱ ነው መከራው ብለው ነው የሚያምኑት።

አጎት፦ እኛ አንድ ጊዜ ነው የምንሞተው። ከዚያ ፍርድ።

ልጅ፦ እሱማ ልዩነቱ ነው። ግን የአሠራሩን ብልሃት ይዩልኝ። ፎቶ ላይ ምንም አይመስልም፤ በእግር ሲዞሩት ነው የሚገባዎት። አጠገቤ አንድ ሴትዮ የልጅ ልጇን እጅ ይዛ በየሐውልቱ ፊት ትቆምና የሆነ ነገር ትነግረው ነበር። ቋንቋውን አላውቀውም፤ ሽማግሌው ጋ ስትደርስ ራሷን በጣቷ ስትነካ ግን ምን እያለችው እንደሆነ ገባኝ። ልጁ ሳቀ። ከሬሳ ሣጥኑ ጋ ሲደርሱ አልሳቀም።

አጎት፦ መውጫውስ? በአፉ ነው የሚወጣው?

ልጅ፦ እኛ በአፉ ነው የምንወጣው። አንድ ወጣት ግን አለ፤ ሐውልት ነው። አንድ እግሩን አንስቶ አጥሩን ሲሻገር ነው የተሠራው። ከአጥሩ ውጪ ያለው ቡድሃ ነው፤ ያው ወጣቱ ራሱ፣ ተሻግሮ።

አጎት፦ እህ... እግሩ አጥሩ ላይ ሳለ ነው የቀረጸው?

ልጅ፦ አዎ፤ ሲራመድ።

አጎት፦ ጎበዝ። ይሄ ጎበዝ ነው። መሐንዲስ ቢኖር «ሚዛኑን አይጠብቅም፣ ሁለቱም እግሩ መሬት ይርገጥ» ብሎ ያበላሽበት ነበር። ዘንዶውን ለአንቺ ትቼልሻለሁ፤ ይሄን ግን ባየው ደስ ይለኛል።

ልጅ፦ እጅ ለእጅ ተያይዘው የተቀመጡ ባልና ሚስትም አሉ፤ ሁለቱም አጽም ናቸው። ወጣቶቹ ከጎናቸው እየተቀመጡ ፎቶ ይነሳሉ።

አጎት፦ የኛ ሰው ቢሆን አማትቦ ያልፋል። ቆይ፣ ስለ ሠራተኞቹ ያልሽውን ድገሚልኝ። ደመወዝ አልነበራቸውም?

ልጅ፦ ምእመን ናቸው። ጉልበታቸውን ነው የሰጡት።

አጎት፦ ይሄማ የምናውቀው ነው። የገጠር ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ማን ደመወዝ ይበላል? ቅዳሴ የመጣ ሁሉ ከወንዝ ድንጋይ ተሸክሞ ይመጣል፤ ሴቱ በእንስራ ውሃ ያቀብላል። እኔም ስንት ጊዜ በነፃ አሰርቻለሁ። በደቦ የተሠራ ነገር ግድግዳው ትንሽ ይጣመማል፣ ልስኑ ወጣ ገባ ይላል። ግን ሲፈርስ ዝም ብሎ የሚያይ ሰው የለም። በጨረታ የተሠራውን ማን ይጠግነዋል? ኮንትራክተሩ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄዷል።

ልጅ፦ አዩ? አሁን እኔ ልናገር የፈለግሁት ጋ ደረሱ። ሁለቱ ቦታዎች የአንድ ሰው እጅ ሥራ ናቸው፤ ሲሚንቶውም፣ ታሪኩም፣ አሠራሩም ያው ነው። ግን የላኦሱ ሰውየው ጥሎት ከሄደ በኋላ የሕዝብ መናፈሻ ሆነ። 40 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው የተጋደመ ቡድሃ አለ። ዱባ የሚመስል ግዙፍ ክብ ቤት አለ፤ በጭራቅ አፍ ነው የሚገባው፣ ውስጡ ሦስት ደርብ ነው። ታች ሲኦል፣ መካከሉ ምድር፣ ላይ ሰማይ። ደረጃው ጠባብና ጨለማ ነው፤ እየዳበሱ ነው የሚወጡት። አናቱ ላይ ሲደርሱ ግቢው በሙሉ ከሥርዎ ይታያል። ጥሩ አድርጎ ነው ያሰበው፤ ሲኦልን በዓይን ሳይሆን በጉልበት እንድናውቀው። ግን የሚያስረዳ የለም። ሕፃናቱ ሐውልት ላይ ይወጣሉ፣ ጎረምሶቹ በጭራቁ አፍ እየተጋፉ ይሣሣቃሉ። ሰማይ የተባለው ደርብ ፎቶ ማንሻ ሆኗል።

አጎት፦ የታይላንዱስ?

ልጅ፦ የታይላንዱም መግቢያ ይከፈልበታል፣ እዚያም ፎቶ ይነሳሉ፤ ኩሬው ውስጥ ላሉት ዓሦች ምግብ የሚበትን ቤተሰብም አለ። ግን ግቢው ውስጥ ባለሦስት ፎቅ ሕንፃ አለ። ጫማ ተወልቆ ነው የሚወጣው።

አጎት፦ ጫማ ማውለቁን ከእኛ ተምረው ነው በይኛ!

ልጅ፦ ሦስተኛው ፎቅ ላይ የሰውየው አስከሬን አለ፤ ሳይፈርስ ደርቆ፣ በመስታወት ተሸፍኖ። የሞተው በ1996 ነው። ከሐውልቶቹ ከአንዱ ላይ ወድቆ ጤናው ታወከ ይላሉ። ሰዎች አበባና ዕጣን ይዘው ይመጣሉ፣ ተንበርክከው ይሰግዳሉ። ታች ወርደው ደግሞ በየሐውልቱ ዞረው ይሄዳሉ። ሴትዮዋ ለልጅ ልጇ የምትነግረው ስለሰማች ነው፤ የነገራት ሰው ነበረ። ማዶ ግን ተናጋሪው ተሻግሮ ሄደና ሐውልቱ ብቻውን ቀረ።

አጎት፦ ስለዚህ ቅድስናው ሲሚንቶው ላይ አይደለም ማለትሽ ነው።

ልጅ፦ ቅድስና መሆን አለመሆኑን እኔ አልፈርድም። ትምህርት መሆኑ ግን በሚያስረዳው ሰው ነው የሚቆመው።

አጎት፦ እኛ ጋም እኮ ያው ነው። ቤተ መቅደሱ ዙሪያ የተሳለውን ሥዕል ፈረንጅ መጥቶ «ቀለሙ ያምራል» ብሎ ይሄዳል። ያገሬው ሰው አንድ አባት ቆመው ሲተርኩለት ነው የሚገባው። ይኸው እኛ ግን ሐውልት አናቆምም፤ ሥዕል ነው። ዙሪያውን የምትዞሪው ምስል በእኛ ቤት የለም፤ ለዚህ ነው ስታሳዪኝ የጎረበጠኝ። ላሊበላ ቤተ ጎልጎታ ብቻ ነው እንደዚያ የሚቀርብ ነገር ያየሁት። ገና ላይ ሄጄ ገብቻለሁ። ቅዱሳኑ ሰው በሚያህል ቁመት ግድግዳው ላይ ተፈልፍለው ቆመዋል። ግን ከዓለቱ አልተላቀቁም፤ ጀርባቸው እዚያው ተራራው ውስጥ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

ልጅ፦ እኔ እንዴት አድርጌ ላየው ጋሼ? ቤተ ጎልጎታ ሴት አይገባም። ደጁ ላይ ነው የቆምኩት።

አጎት፦ እሱስ እውነትሽን ነው። ሥርዓቱ ነው።

ልጅ፦ ሥርዓቱን አልተቃወምኩም። ሰው አገር የማላምንበትን መምህር አስከሬን ጫማዬን አውልቄ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥቼ አየሁ፤ የራሴን ቅዱሳን ግን እርስዎ ናቸው የሚተርኩልኝ። ሲያወሩ መጣልኝና ነው።

አጎት፦ ...ቡናው ቀዘቀዘ መሰለኝ። እንዲያው ያ የላኦሱ አሁን የሚጠግነው አለ?

ልጅ፦ ከፎቶው ራስዎ ይፍረዱ።

አጎት፦ ይሄ ከላኦሱ ነው? ስንጥቁ በሲሚንቶ ተለጥፏል፤ ዝገቱ ሳይጠረግ ነው የለጠፉት። ተመልሶ ይፈነዳል። መጀመሪያ የላላውን ሲሚንቶ አራግፎ ፌሮውን ማጋለጥ፣ ዝገቱን በብረት ብሩሽ መጥረግ፣ ከዚያ ነው መለሰን። ይሄን የማያውቅ ሰው ባይነካው ይሻላል። የታይላንዱን አሳዪኝ... ይሄኛው ይሻላል። ንጹሕ ባይሆንም ይሻላል።

ልጅ፦ አሁንም ጣዖት ነው ይላሉ?

አጎት፦ ለእኔ ጣዖት ነው፤ አልሰግድለትም። ግን ሰው ስምንት ፎቅ በምጽዋት ሲሚንቶ ሲያቆም አይቼ አላፌዝም፤ ሙያው አይፈቅድልኝም። የሚያስቀይመኝ የሚሰግደው ሳይሆን የጭራቁ አፍ ውስጥ ራሱን አስገብቶ የሚስቀው ነው። ባይሰግድ እንኳ አንብቦት ይሂድ! ለመሆኑ እናትሽ ለቀጠሮ ስትመለስ የሚሄድ ሰው ቢኖር ምን ትዪዋለሽ?

ልጅ፦ ጠዋት ይሂድ፣ ቀትር ላይ ሲሚንቶው ያቃጥላል። ትከሻና ጉልበቱን ይሸፍን። ሐውልት ላይ አይውጣ። መንኮራኩሩን በአፉ ገብቶ ከሕፃኑ ጀምሮ ይዙረው እንጂ ከመሀል አይጀምር። ጊዜ ካለው በወዳጅነት ድልድዩ ይሻገርና የላኦሱንም ይየው፤ ድልድዩ ከ1994 ጀምሮ ክፍት ነው። አንዱን ብቻ ማየት የሚችል ሰው ግን ወንዙን አይሻገር፤ ኖንግ ካይ ይበቃዋል።